እትዬ እንዴት እና የአውቶቡሱ በር

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል። ብርጭቆ ሲሰበር «ማነው የሰበረው?» ብሎ የሚጮህ አለ፤ «ብርጭቆው የት ተቀምጦ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። የመጀመሪያው ዓይነት ሞልቷል። እኔም፣ አንባቢዬም፣ የአንባቢዬ አማትም ከዚያ ወገን ነን። ሁለተኛው ዓይነት ግን ብርቅ ነው፤ ለአንድ ሕንፃ አንድ ብቻ ይደርሰዋል። ሁለት ቢደርሰውማ ነዋሪው በሙሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሰደድ ነበር።

ለኛ ሕንፃ የደረሱን ክብርት እትዬ እንዴት ናቸው።

ትክክለኛ ስማቸው በራቸው ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ግን የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። እኛ እትዬ እንዴት እንላቸዋለን፤ ምክንያቱም የሰው እግር ተሰበረ ሲባሉ «እግዜር ይማረው» ከማለታቸው በፊት «እንዴት ሆኖ?» ይላሉ። ሥራቸው «የሰብዓዊ ምክንያቶች ባለሙያ» ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድተውኝ በአራተኛው ገባኝ። አደጋ ሲደርስ መሐንዲሱ ማሽኑን ያያል፣ ሐኪሙ ቁስሉን ያያል፣ ፖሊሱ ጥፋተኛውን ያያል። እሳቸው ደግሞ ያ ሰውዬ በዚያች ደቂቃ ዓይኑ ምን ያይ፣ ጆሮው ምን ይሰማ፣ እጁ የት ይደርስ እንደነበር ያያሉ። በፋብሪካ፣ በሆስፒታል፣ በባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያዩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ሲወጡ የሚያዩት አጡና እኛን ማየት ጀመሩ።

አንድ እሑድ ባለቤቴ ለእንግዳ ባቀረበችው ሻይ ላይ በስኳር ፋንታ ጨው ጨመረች። እንግዳው የጋዜጣችን አርታኢ፣ ማለትም የእንጀራዬ ጌታ ነበር። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ዓይኑ ፈጠጠ። ባለቤቴ በድንጋጤ ክው አለች። እኔ አፌን ለወቀሳ ሳዘጋጅ፣ ለወሬ ብቅ ብለው የነበሩት እትዬ እንዴት ተነሥተው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ፤ ሁለት ቆርቆሮዎች እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ከፍ አድርገው ይዘው ተመለሱ። መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ክዳናቸው አንድ።

«እነዚህን መንታዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ማነው?»

እኔ ነበርኩ። በቅናሽ ያገኘኋቸው ዕለት እንዴት እንደኮራሁባቸው! እሳቸው ግን ሰው አይወቅሱም። ቀስ ብለው «ስትገዛቸው ልክ መስሎህ ነው። ለምን መሰለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወቀሳ በስንት ጣዕሙ።

ሌላ ቀን ባንክ ቤት አብረን ሄድን። ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ የተከበረ ሰው የጠራው መስታወት በር ክፍት መስሎት ግንባሩን ሰጠው። ድምፁ እስከ ገንዘብ ከፋዮቹ ተሰማ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ እንዴት አልሳቁም። የሰውየውን እጅጌ ያዙና «ወንድሜ፣ አይዞህ። ከየት ጀምረህ ነው የመጣኸው? እስቲ በዚያው ድገመው» አሉት።

«ሴትዮ! ልጋጭልዎት ነው የሚሉኝ?»

«ቀስ ብለህ ነዋ።»

የሕንፃችንን ደረጃ ነገርማ አከራያችን እስከ ዛሬ አልረሱትም። ሁለተኛው ፎቅ ጋ ስንደርስ ሁላችንም እንደናቀፋለን። እትዬ እንዴት በርጩማቸውን ይዘው ወረዱ፣ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው ቆጠሩ። ሠላሳ ሰባት ሰው ተደናቀፈ። በሜትር ሲለኩት አንዷ ደረጃ ከእኅቶቿ በሁለት ጣት ከፍ ትላለች። አከራያችን ተጠርተው መጡ፤ «ደረጃው ምንም አልሆነ፤ ሰው ዓይኑን ገልጦ አይሄድም እንጂ!» ብለው እየተቆጡ ሲወጡ እዚያችው ላይ ተደፉ።

እትዬ እንዴት ደብተራቸው ላይ ጫር አደረጉ። «ሠላሳ ስምንት» አሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ረቡዕ ረቡዕ በምጽፈው አምድ እያቀረብኩ አንባቢ ሳስቅ ኖሬአለሁ። እሳቸውም ያነባሉ፤ ይስቃሉ፤ ከዚያ «ቁመቱን ግን ተሳስተሃል» ብለው ያርሙኛል። እንዲህ እየተባባልን ሳለ ነው የአውቶቡሱ ነገር የመጣው።

ሰኞ ዕለት ረፋድ ላይ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ከከተማ አውቶቡስ በኋላው በር ሲወርዱ በሩ ተዘጋባቸው። ትከሻቸውን መታቸው፤ አስፋልቱ ላይ ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ወሬው ማክሰኞ ጋዜጣችን ውስጥ በሦስት መስመር ወጣ። የሹፌሩ ስም አልነበረበትም። የኔ የረቡዕ አምድ ደግሞ ባዶ ነበር።

ጻፍኩ። «በሩን በሰው ላይ የሚዘጉ ጌቶች» አልኩት። አገር ጉድ እስኪል ሹፌሩን ዘለዘልኩት። ያን ጊዜ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እየሳቀ ነበር ብዬ ጻፍኩ። እኔ ቦታው ላይ አልነበርኩም። ስልኩም ሳቁም ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ መንገድ ላይ ካየሁት ሌላ ሹፌር የተበደሩ ናቸው፤ ለጽሑፉ ቅመም ይሁኑ ብዬ ነው። አንባቢ ወደደው። የቢሮው ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ቤታችን መጣ። አሥራ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ከሰላምታ ሌላ ብዙ ቃል ስለማይወጣው በቤተሰቡ ዘንድ ዝምታው ይባላል። የሥራ ሱሪውን ለብሷል፤ ጃኬቱ ግን የለም።

«ጃኬትህስ?» አለችው እኅቱ።

«ሆስፒታል ቀረ።»

«የምን ሆስፒታል?»

 ከሸሚዙ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የኔ አምድ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እኔ እኮ ስልክ አልያዝኩም ነበር።»

ባለቤቴ ወረቀቱን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ቀስ በቀስ ወጣለት። «በግድየለሽነት ጉዳት አድርሻለሁ» የሚል ቅጽ ሰጥተውት ፈርሟል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በዘጠነኛው ቀን ይቀመጣል፤ ከሥራ ይሰናበታል፣ መንጃ ፈቃዱም ሊያዝ ይችላል። ፋይሉ ላይ የኔ አምድ በስቴፕለር ተያይዟል፤ ስልክ ስለመያዙ ማስረጃ ተብሎ።

«ለምን ፈረምክ?» አልኩት።

«ቁልፉን የተጫነው የኔ ጣት ነው። ሌላ ማን ሊፈርም ነው?» አለና፣ «እኔ የተጫንኩት ግን የፊቱን በር ነው። የፊቱን ተጫንኩ፣ የኋላው ተዘጋ። ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ።»

ባለቤቴ ተነሣች። «ውጣ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ። እሳቸው ጋ።»

ያቺን የተንሻፈፈች ደረጃ እንዴት እንዳለፍኳት አላውቅም። እትዬ እንዴት በር ሲከፍቱልኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነበር። ነገሩን እያዛነፍኩም፣ እየተንተባተብኩም ነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና ጥያቄ ጀመሩ።

«አውቶቡሱ ውስጥ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«ፌርማታው ላይስ?»

«አልነበርኩም።»

«ስልኩን ታዲያ ከየት አየኸው?»

«ሌላ ሹፌር ላይ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት» አልኩ።

«ስትጽፈው ልክ መስሎህ ነው። ለምን መሰለህ?»

ለጨው ቆርቆሮ ስጠየቅ የቀለድኩት ሰው አሁን ቀልድ አጣሁ። «አምዱ ባዶ ነበር» አልኳቸው። «ሹፌር መስደብ ደግሞ ቀላል ነው፤ ተው የሚልህ የለም።»

«ይኼ መልስ ነው» አሉና ደብተራቸውን ስበው ጻፉት።

«ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«ለመዝገቡ። አንተም እኮ አሁን የአደጋው አንድ ክፍል ነህ።» ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። «ልጁ የት አለ? ቤት ነው? እንውረድ።»

ዝምታውን የምግብ ጠረጴዛችን ፊት አስቀመጡት። ዓይኑን እንዲጨፍንና ቀኝ እጁን የአውቶቡሱ ቁልፎች ያሉበት ቦታ እንደሆነ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ እንዲያሳርፍ ነገሩት። ከዚያ እንደ ተሳፋሪ አፈጠኑት፤ «የፊቱን ዝጋ! የኋላውን ክፈት! የኋላውን ዝጋ! የፊቱን ዝጋ!» ጣቶቹ ሳያመነቱ ይመላለሳሉ፤ ለፊቱ በር ወደ ግራ፣ ለኋላው በር ወደ ቀኝ።

«በየትኛው አውቶቡስ ነው ይኼ?» አሉት በድንገት።

ዓይኑን ገለጠ። «በ... በአሮጌው።»

«ሰኞ ዕለት ስንት አውቶቡስ ነዳህ?»

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አሮጌውን ሲነዳ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ሞተሩ ጋለና ቆመ፤ ከዴፖ አዲሱን አመጡለት፤ ተሳፋሪ እየጮኸበት ተነሣ። ከሰባት ወር በፊት ከገቡት አዲሶች ውስጥ እሱ ከዚያ በፊት የነዳው ሁለት ቀን ብቻ ነው። በአዲሶቹ ላይ ግራው የኋላው በር ነው፣ ቀኙ የፊቱ። አደጋው የደረሰው አዲሱን በያዘ በሦስተኛው ፌርማታ ነው። ያ ፌርማታ ሰው የሚበዛበት ነው፤ በፊት በር ተንጠልጥለው የሚገፉ ስላሉ ሹፌሮች የኋላው ወራጅ እስኪያልቅ የፊቱን ቀድመው ይዘጋሉ። እሱም እንደ ልማዱ የፊቱን ሊዘጋ ግራውን ተጫነ።

እጁን አንሥቶ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከተው። «ግን አውቀው ነበር እኮ! በሥልጠናው ቀን ግድግዳ ላይ በሥዕል አሳይተውናል።»

«ጭንቅላትህ ያውቃል» አሉት እትዬ እንዴት። «ለጣትህ ማን ነገራት?»

ዝምታው ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። እኅቱ ትከሻውን ያዘች። እሳቸው ጊዜ ሰጡትና አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ «ከመጫንህ በፊት በኋላው ስፖኪዮ አየህ?»

«አላየሁም። ዓይኔ በፊት በር የተንጠለጠሉት ላይ ነበር።»

እሱንም ጻፉት።

በማግሥቱ ዴፖው በር ላይ ጥበቃው አላስገባም አለ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ተጠርተው መጡ፤ ክራቫታቸው ልክ፣ ፀጉራቸው ልክ። «እናቴ፣ ጉዳዩ እኮ አልቋል። ራሱ ፈርሟል!» አሉ። እትዬ እንዴት አልተከራከሩም። በርጩማቸውን በሩ ላይ አኑረው ተቀመጡ፤ ፈረቃ ጨርሶ የሚወጣውን ሹፌር ሁሉ እያስቆሙ ሦስት ቀን ቆዩ። እኔም ለጥፋቴ ካሳ ጃንጥላ ይዤላቸው ቆምኩ።

«በአዲሱ አውቶቡስ በር ተሳስተህ ታውቃለህ?» ይላሉ።

«ኧረ እኔ! በጭራሽ።»

አሥራ ሁለት ሹፌር ጠየቁ፤ አሥራ ሁለቱም ንጹሕ መላእክት። እትዬ እንዴት ትንሽ አሰቡና ጥያቄውን ለወጡት። «ጓደኛህስ? ተሳስቶ ያውቃል?»

ጉድ ፈላ። የአንዱ ጓደኛ የተሳፋሪ ቦርሳ በበር ይዟል፤ የሌላው ጓደኛ የራሱን ረዳት ደጅ ዘግቶበት ሄዷል፤ የሦስተኛው ጓደኛ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፣ «ግን ጎበዝ ነው፣ ቶሎ መልሶ ይከፍተዋል።» ከሠላሳ አራት ሹፌሮች ውስጥ ሃያ ዘጠኙ እንዲህ ያለ ጓደኛ ነበራቸው። ጓደኛቸው ለምን ለአለቃ እንዳልተናገረ ሲጠየቁ ሁሉም አንድ መልስ ሰጡ፦ የተናገረ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታላ።

በሦስተኛው ቀን፣ በሩ አጠገብ መስታወት ውስጥ የተሰቀለውን፣ ማንም አንብቦት የማያውቀውን የዴፖውን ደንብ በርጩማቸው ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ወረዱና ፈገግ አሉ። «የተከሰሰ ሠራተኛ አንድ ባለሙያ ይዞ የመቅረብ መብት አለው ይላል። እንግዲህ ያስገቡናል።»

ከዚያ በፊት ግን መምህርቷ ዘንድ ሆስፒታል ሄድን። እኔ መቅረት ፈልጌ ነበር፤ እትዬ እንዴት «የተጎዳውን ሰው ሳያዩ ስለ ጉዳት አይጻፍም» አሉኝ። መምህርቷ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተደግፈው ነበር፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማይሸወድ። ማን መሆኔን ስነግራቸው ቀኝ ቅንድባቸው ከፍ አለ፤ አራተኛ ክፍል ተመልሼ የቤት ሥራ ያልሠራሁ መሰለኝ።

«ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ። ሰዋስውህ ደህና ነው» አሉኝ። «ሹፌሩ እየሳቀ ነበር ያልከውን ግን ከየት አመጣኸው? ያ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ጃኬቱን ራሴ ሥር አነጠፈልኝ። ከኔ ይልቅ ያለቀሰው እሱ ነው። እኔ ነኝ አይዞህ ስለው የነበርኩት።»

ምን ይባላል? «ይቅርታ» አልኩ፤ ቃሏ እንደ ጠመኔ ቅንጣት ትንሽ ሆና ወደቀች።

እትዬ እንዴት ምን እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። መምህርቷ መልሱን ያዘጋጁት ይመስል አልዘገዩም። «ይኼ እግር ደህና እስኪሆን ወራት ይፈጃል፤ ምናልባትም እንደ ድሮው አይሆንም። እሱን ቢያባርሩት ለኔ እግር ምን ይጨምርለታል? ነገ ሌላ ሹፌር ያንኑ አውቶቡስ ይዞ ያንኑ ፌርማታ ይመጣል። በሩ ሌላ ሰው እንዳይነክስ ነው የምፈልገው።»

በመመለሻችን ላይ ተጣላን። ሪፖርታቸውን አሳዩኝ፤ ግሩም ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን «ሹፌሩ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት በኋላው ስፖኪዮ አላየም» የሚል መስመር አለ።

«ይችን ያውጧት» አልኳቸው። «በዚህች ይሰቅሉታል።»

«እውነት ናት።»

«የቤተሰቤን እንጀራ ነው የያዙት እኮ!»

መንገድ ላይ ቆሙ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «አንተ ያልነበረ ነገር ጨመርክ። አሁን ደግሞ የነበረ ነገር እንድቀንስልህ ትለምነኛለህ። አንድ እውነት ከደበቅሁ ሌላውን ማን ያምነኛል? አላየም። ለምን እንዳላየም ከሥሩ ጽፌዋለሁ። ሁለቱም አብረው ይቀመጣሉ።» ጥለውኝ ሄዱ። ሮጬ ደረስኩባቸው፤ እስከ ቤት ግን ከኋላቸው ነው የሄድኩት።

ረቡዕ ዕለት የጻፍኩት አምድ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ነው። ቦታው ላይ እንዳልነበርኩ፣ ስልኩንና ሳቁን እኔ እንደፈጠርኳቸው የሚል ብቻ። አርታኢዬ አነበበና «ቀልድ የለውም» አለኝ።

«የለውም» አልኩት።

ኮሚቴው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተቀመጠ። አምስት ሰዎች፣ አምስት ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ወፍራም ፋይል። የሁለተኛውን ረቡዕ አምዴን ቆሜ አነበብኩላቸው። ምክትል ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን ከፋይሉ ነቅለው ገለበጡት። «ይሁን፣ ስልኩ ቀረ። ግድየለሽነቱ ግን አልቀረም። የተጠነቀቀ ሰው ቁልፍ አይሳሳትም» አሉ።

እትዬ እንዴት ተነሡ። «ክቡራን፣ ግቢ እንውጣ። ሁለት አውቶቡስ ብቻ ነው የምለምነው፤ አንድ አሮጌ፣ አንድ አዲስ።»

«ቲያትር ነው እንዴ?»

የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ። «ምን ይጎዳናል፣ ፀሐይ እንሞቃለን» አሉ።

እትዬ እንዴት የራሳቸውን ቡናማ ካፖርት ትራስ ጠቅጥቀው በአዲሱ አውቶቡስ የኋላ በር ላይ በገመድ አንጠለጠሉት፤ የሚወርድ ሰው ይመስላል። ከዚያ የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ አሮጌው አውቶቡስ ላይ አስቀምጠው ጣታቸው ሳያስብ እስኪታዘዝ ድረስ አለማመዱ። ወዲያው ወደ አዲሱ ያዛውሩና እረፍት ላይ ያሉት ሹፌሮች በፊት በር እየተንጋጉ «ጨምረን! ጨምረን!» እንዲሉ አደረጉ። ሹፌሮቹ ለዚህ ሥራ ልመና አላስፈለጋቸውም።

«የፊቱን ዝጉ!»

የማኅበሩ ተወካይ በኋላው በር ካፖርቱን ነከሱ። የሒሳብ ሹሙ ነከሱ። የሥልጠና ኃላፊው፣ ያንን የግድግዳ ሥዕል በገዛ እጃቸው ያዘጋጁት፣ ነከሱ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ አልነከሱም፤ ግን ቁልፎቹን አትኩረው እያዩ በጣም ቆዩ። ከሹፌሮቹ አንዱ «እሳቸው ቢነዱን ፌርማታው ላይ እናረጃለን» ሲል ሰማሁት።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን አውልቀው ለጸሐፊያቸው ሰጡ። «እኔ ተጠንቅቄ ነው የማደርገው» አሉ። ተቀመጡ። «የፊቱን ዝጉ!» በሩ ካፖርቱን ጨመቀው። «ቆይ፣ ቆይ! ይደገምልኝ» አሉ። ተደገመላቸው። ጨመቀው። የካፖርቱ አንድ አዝራር ተበጥሶ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ያ በር ሁለት ጊዜ ሲገጥም ያሰማውን ድምፅ ሁላችንም ሰምተናል፤ ዝምታው ደግሞ አውቶቡሱ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

እትዬ እንዴት ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞሩ። «ይጻፍልኝ» አሉ፤ «ምክትል ሥራ አስኪያጁ ግድየለሽ ሰው አይደሉም።»

ሰውየው ከመሪው ሳይነሡ ቆዩ። ድምፃቸው ሲወጣ ያ የቢሮ ድምፅ አልነበረም። «ሁለቱ ዓይነት አውቶቡስ በአንድ ፈረቃ እንዲቀላቀል የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ሲፈርሙ ልክ መስሎዎት ነው። ለምን መሰለዎት?»

«አውቶቡስ ያንስ ነበር። ሕዝቡ ፌርማታ ላይ ቆሞ ነበር። ሌላ ምን ላድርግ?»

«ይኸው» አሉ እትዬ እንዴት፣ እየጻፉ። «አሁን ሁላችንም መልስ ሰጠን።»

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ስንብቱ ተሰረዘ። ስፖኪዮውን ባለማየቱ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ በአዲሱ አውቶቡስ ላይ ሦስት ሳምንት ከአሠልጣኝ ጋር ይለማመዳል ተባለ። ዝምታው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ «ይገባኛል» አለ፤ ከፈረመበት ቅጽ ይልቅ ይኼኛው ትከሻውን እንዳቀለለለት እኅቱ ነገረችኝ። በአንድ ፈረቃ አሮጌና አዲስ መቀላቀል ቀረ። የኋላው በር ቁልፍ ጣት ሳያይ የሚለየው ሸካራ ክዳን ተደረገለት። ስሕተት የሚጻፍበት፣ የጻፈውን ማንም የማይቀጣበት ደብተር ዴፖው ውስጥ ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እነዚያ ጓደኞች ሁሉ በየስማቸው መጡ።

መምህርቷ በከዘራ መሄድ ሲጀምሩ ደወሉ። «ጃኬቱን መጥቶ ይውሰድ፤ አሳጥቤዋለሁ» አሉ። ዝምታው ሄደና ሁለት ሰዓት ቆየ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። እትዬ እንዴት እንኳ አልጠየቁም።

ብቻውን መንዳት በጀመረ ዕለት ጠዋት እኔ ለቤተሰቡ ሳልናገር ተነሥቼ ወደ መነሻው ፌርማታ ሄድኩ። ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ተሳፍሬ ወደ ኋላ ሳልፍ ከኋላው በር አጠገብ ማን ተቀምጠው ባይ ጥሩ ነው? እትዬ እንዴት!

ደብተር አልያዙም። ሜትር አልያዙም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«መንገዴ ነው» አሉ ዓይኔን ሳያዩ።

በዚያ መስመር የሚያውቁት ሰው እንደሌለ፣ ዘመድም ገበያም እንደሌላቸው አውቃለሁ። ያን ሁሉ ፋብሪካና የባቡር ጣቢያ የመረመሩ ሴት፣ አምስት ባለሥልጣን ፀሐይ ላይ ያሰለፉ ሴት፣ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጠው ተቀምጠዋል። ፌርማታ በደረስን ቁጥር የጣታቸው አጥንት ይገተራል፤ ከንፈራቸው ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል። ዝምታው በስፖኪዮ ወደ ኋላ ያያል፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የፊቱ በር ይዘጋል። ወራጁ ወርዶ ያልቃል። የኋላው በር ይዘጋል። ያን ጊዜ ትንፋሻቸውን ይለቃሉ፤ እስከሚቀጥለው ድረስ።

ሰው ሁሉ ወርዶ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ዝምታው ሞተሩን አጠፋና ዞረ። አየን። ፊቱን ቶሎ ወደ መሪው መለሰው፤ ትከሻው ግን ሲስቅ አየሁት።

«እትዬ፣ ጋሼ» አለ፣ «መጨረሻው ነው እኮ። አትወርዱም?»

እትዬ እንዴት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ።

«የለም» አሉት፤ «አብረንህ እንመለሳለን።»